በባሌ ስም የታመመው ልቤ

የእኔ ሕመም መጀመሪያ የተገኘው በባሌ ስም ነው። ሐኪሞቹ እሱን ጠሩት፣ መድኃኒቱን ለእሱ አዘዙ፣ ያጨበጨቡትም ለእሱ ነው። ታማሚዋ ግን እኔ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ቢሆንም ካፈርኩ አይቀር ለአንድ ሰው እንኳ ይጥቀም ብዬ እንዳለ ልናገረው ነው።

የሺወርቅ እባላለሁ። የምኖረው እስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው። እኔና ባለቤቴ ጌታሁን ከልጃችን ከአስቴር ጋር የመጣነው ከጎንደር ነው። አያቶቻችን ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እኛ ግን ያደግነው በክርስትና ነው። ጎንደር ለዓመታት ተራ ስንጠብቅ፣ እዚህም ደርሰን ወደ አያቶቻችን ሃይማኖት ለመመለስ ስንማር፣ ያልተጠየቅነው ነገር የለም። የአያት ስም፣ የአጎት ስም፣ ማን ማንን አገባ። ትንሽ ከተምታታብን "እነዚህ ይዋሻሉ" የሚል ዓይን ያርፍብን ነበር። ያ ዓይን ከላዬ ሳይወርድ ነው እዚህ ያረጀሁት። ይህን ያስቀደምኩት የኋላው ነገር ያለ እሱ ስለማይገባ ነው።

ሥራዬ ልብስ መተኮስ ነው። ከሆቴልና ከሠርግ አዳራሽ የሚመጣ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚታጠብበት ድርጅት ውስጥ ከትልቁ መተኮሻ ፊት ቆሜ እውላለሁ። ሕመሙም የጀመረኝ እዚያው ነው። አንድ ቀን አንሶላ እየዘረጋሁ ሳለ ልቤ፣ እግሯን ታስራ ጆንያ ውስጥ እንደገባች ዶሮ፣ ደረቴ ውስጥ ተንፈራገጠ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሙቀቱ ነው ብዬ ውኃ ጠጣሁ። በሳምንቱ ደረጃ ስወጣ ደገመኝ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ጎረቤቶቼ ሰው የምጠብቅ መስሏቸው ሰላም እያሉኝ ያልፋሉ።

ኩፓት ሖሊም፣ ማለትም የሰፈራችን ክሊኒክ፣ አስቴርን ይዤ ሄድኩ። አስቴር አግብታ ሽኩና ኣሌፍ ነው የምትኖረው፤ ለእኔ ቀጠሮ ስትል ከሥራዋ ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህ ራሱ ያሳፍረኛል። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። እኔም ለአስቴር በአማርኛ ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ልቤ እንደሚርበተበት፣ ከዚያ የጠፋ ያህል ጸጥ እንደሚል፣ ዓይኔ እንደሚጨልም፣ ላብ እንደሚያጠምቀኝ። አስቴር ወደ ሐኪሙ ዞራ ሁለት ቃል ተናገረች።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"ደክሟታል አልኩት፣ ኢማ። ያው ነው።" ኢማ በዕብራይስጥ እናቴ ማለት ነው።

በሁለት ቃል የሄደ በሽታ በሁለት ቃል ተመለሰ። የመጀመሪያው ሐኪም ደም አንሷታል አለና ብረት ያለው ክኒን ሰጠኝ። ሁለተኛዋ ዕድሜ ነው አለችኝ። የልብ ምት በሚቀዳው ማሽን ላይም አስተኙኝ። ልቤ ግን ያን ጊዜ ትንፍሽ አላለም፤ እንግዳ ሲመጣ እንደሚሽቆጠቆጥ ልጅ አርፎ ተቀመጠ። ወረቀቱ ንጹሕ ወጣ። ሦስተኛው ሐኪም ወረቀቱን አየና "ሐራዳ" አለ። አስቴር ቃሉን ለመተርጎም አፈረች፤ ግን ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ጭንቀት ማለት ነው። በሰው ፊት ጭንቅላቷ የተነካ ነው ያለኝ ያህል ተሰማኝ። ቀኑን ሙሉ የልብ ምት ለሚቀዳው መሣሪያ ቀጠሮ ሲሰጡኝ ከስንት ወር በኋላ መሆኑን ሰምቼ ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ልቤ ለማንም አልተነፈስኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን አልደበቅሁም፣ ተናግሬ ነው ያላመኑኝ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

በዚያው ክረምት ጌታሁን ልቡን ታመመ። የእሱ እንደ እኔ የሚያጠራጥር አልነበረም፤ ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ ሥራው ላይ ሳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሆስፒታል በእጁ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን የልቡን ሥር ከፈቱለት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ሊወጣ ሲል ዝናሽ የምትባል ነርስ መጣች። ዝናሽ ወላጆቿ በሱዳን በኩል ቀድመው ከመጡት ናቸው፤ እዚሁ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ግን የጎንደር ነው። አብራት ኖዓ የምትባል ስኒከር ጫማ ያደረገች ልጅ ነበረች። ኖዓ ከስታርታፕ ነበረች፤ አዲስ ነገር ፈልስፈው ገበያ ላይ ለማዋል ከሚሮጡ ወጣቶች ድርጅት። ሆስፒታሉ በሽተኛውን ያመጣል፣ እነሱ ማሽኑን ያመጣሉ፤ አብረው ነው የሚሠሩት።

ማሽኑ ሰዓት የመሰለች አምባር ናት። ከእጅ ላይ ሆና የልብ ምት ትሰማለች፤ የሰማችውን ቤት ባለው ስልክ በኩል ወደ ሆስፒታል ትልካለች። በየትንሽ ጊዜው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይልባታል።

"አባባ ጌታሁን፣ ቀንም ሌትም እንዳያወልቋት" አለችው ዝናሽ። "ውኃም አይጎዳትም። ወልቃ ከቆየች እኔ ጋ ይጮኻል፣ እደውላለሁ። በሴዴር?"

"በሴዴር" አለ ጌታሁን። ለነርስ፣ ለሐኪምና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው መልስ ይኸው አንድ እሺ ነው።

በመጀመሪያው ሰንበት አምባሩን እንዳሰረ ምኩራብ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጸሎት ላይ እጁን ሲያነሣ አረንጓዴው ብልጭ ብሏል፤ ሰንበት ደግሞ የኤሌክትሪክ ነገር መነካካት ክልክል ነው። ከኋላው ሁለት ሰዎች ተንሾካሾኩ። ምን እንዳሉ በደንብ አልሰማም፤ "ሻባት"፣ ሰንበት፣ የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሰማው። ለእሱ በቂ ነበር። "ድሮም እነዚህ ሰንበት አያውቁም ብለው ነው" አለኝና ምሳውን ሳይበላ ተኛ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሻማ ከማብራቴ በፊት አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። በማግስቱ ቀትር ላይ ስልኩ ይጮኽ ጀመር። እኛ ሰንበት ስልክ አናነሣም። ዝናሽ ግን ሥራዋ ነውና ደወለች፣ ደግማ ደወለች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ታችም ላይም ጎረቤት አለ። የአምባሩን ብልጭታ ያየው አንድ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ያንን ጩኸት ግን ፎቁ ሁሉ ሰማው። ሁለታችንም ስልኩን እንደ እባብ እያየን ቆመን ቀረን።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን በጌታሁን ላይ ማላከክ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አምባሯ የምትፈልገው የሰው ገላ ነው፤ የማን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ደግሞ ደረጃው እያቃተኝ ሰንበት ሰንበት ምኩራብ መሄድ ትቼ ቤት ነው የምውለው። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ጌታሁን ከእጁ ፈትቶ በእኔ እጅ ያስራታል፤ ሰንበት ሲወጣ ይወስዳታል። በሠርጋችን ቀን እንኳ እጄን እንዲያ ተጠንቅቆ አልያዘውም። "ልታጨኝ ነው?" ብዬ ስቄበታለሁ።

አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው ነው። አምባሯን ሰንበት ማሰር ኃጢአት ከሆነ በእኔ እጅስ ጽድቅ ሊሆን ነው? እግዚአብሔር ምኩራብ እንጂ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም ያልን እንመስላለን። የፈራነው ግን እሱን አልነበረም፤ ሰው ነው የፈራነው። ረቢውን ለምን አልጠየቃችሁም የሚለኝ አይጠፋም። መጠየቁ ነው ያስፈራን። አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ ሰው እንዲህ ያለውን ያውቃል፣ የሚጠይቀው የማያውቅ ነው፣ ከጠየቅን እንታወቃለን አልን። በኋላ እንደተማርኩት ግን እዚህ አገር አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ ሰው ዋናው ሥራው ረቢ መጠየቅ ነው።

እንዲህ ሆነን ጥቂት ሰንበቶች አለፉ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ዝናሽ ደወለችና ጌታሁንን በአስቸኳይ ጠራችው። እኔም አስቴርም አብረን ሄድን። የልብ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ጌታሁን አስጠግታ አስረዳችው። የልቡ ምት ይዛባል አለችው። የላይኛው የልብ ክፍል መምታት ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ደም እዚያው ይቆምና ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሰው በአንድ ጎኑ ሽባ ይሆናል። ይምጣና ይሂድ እንጂ አደገኛ ነው አለች። ከዚያ በፈገግታ፣ አምባሩ ባይኖር ይህ መቼም አይታወቅም ነበር አለችው። የሚገርመው፣ አለች፣ የሚዛባው ሰንበት ሰንበት ነው።

ጌታሁን አየኝ። እኔም አየሁት።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን አዘዘችለት። ከድሮ መድኃኒቶቹ ደግሞ አንዱን አስቆመችው፤ ሁለቱ ከተደረቡ ያደማል አለች። እቤት ስንገባ ጌታሁን የክኒኑን ፓኮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋው።

"ያንቺ ነው" አለኝ።

"የኔ ነው" አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታው በልጦብኝ ነበር። ሦስት ሐኪም ብረት፣ ዕድሜ፣ ጭንቀት ያለኝን ነገር አንዲት አምባር አምናኛለች። በባሌ ስምም ቢሆን ልቤ ስም አገኘ። በሽታውም የኔ፣ መድኃኒቱም የኔ፣ ፓኮው ላይ የተጻፈው ስም ብቻ የእሱ። ምን ችግር አለው አልን። መድኃኒት በሰው ክብደትና በሌላው በሽታው ተለክቶ እንደሚታዘዝ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር እንደሚጣላ፣ ይህን ሁሉ አላሰብንም። ጌታሁንም ያስቆሙትን መድኃኒት እንዳቆመ ቀረ። ከነገርናቸው ለምን እንደቀያየርን ይጠይቃሉ፤ ያኔ እንደገና ውሸታሞች እንባላለን።

የባሰው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስብሰባ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ሐኪሞች፣ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች፣ የኖዓ ጓደኞች፣ አዳራሹ ሞልቷል። ጌታሁንን የክብር እንግዳ አድርገው ፊት አስቀመጡት፤ እኔን ከጎኑ። ኖዓ ትልቁ ስክሪን ላይ ቀይ መስመር አሳየች። መስመሩ ሥርዓት ይዞ ይሄድና ሰንበት ላይ ሲደርስ ይንዘፈዘፋል። "ይህን ሰው አዳንነው" አለች። አስቴር ተርጉማልን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እኔ ቀዩን መስመር አየሁ። አንዷን ንዝፍዝፍታ አወቅኋት፤ ድስት ላወርድ ስነሣ የመጣችብኝ ናት። ልቤን አራቁተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት መሰለኝ፤ ነጠላዬን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። ጌታሁንን ጥቂት ቃል ተናገር አሉት። ተነሣና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ወለሉን እያየ ተቀመጠ። ትሕትናው ደስ አላቸውና እንደገና አጨበጨቡ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ዕብራይስጤ ደካማ ቢሆንም "የኔ ነው" ለማለት አያንስም። ግን ያን ሁሉ ደስ ያለው ፊት ሳይ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ይከዳኝ ጀመር። ለጉልበቴ ሕመም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምገዛው ክኒን ነበር፤ ቆሜ ስለምውል እሱን የምውጠው ከድሮ ጀምሮ ነው። ሆዴን ማቃጠል ጀመረኝ። ሰገራዬ እንደ ቅጥራን ጠቆረ። ይህን ለማን ይነገራል? ለአስቴር? ለጌታሁን? አፈርኩና ዝም አልኩ። ስነሣ ይዞረኛል፤ ከንፈሬ ነጣ። አንድ ቀን መተኮሻው ፊት አንሶላ ይዤ ጉልበቴ ታጠፈና ወደቅሁ። የሥራ ጓደኞቼ አምቡላንስ ጠሩ።

ሚዮን፣ የድንገተኛ ክፍሉ፣ ሞልቶ ነበር። ኮሪደር ላይ በአልጋ አስቀመጡኝ። አስቴርም ጌታሁንም እየሮጡ ደረሱ። ወጣት ሐኪም መጥቶ ዓይኔን ገልብጦ አየ፣ ደም ቀዳ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ሆድሽ ውስጥ ትደሚያለሽ፣ ደምሽ በጣም ወርዷል አለኝ። ከዚያ ጠየቀ፤ "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች?"

አስቴር ተረጎመችልኝ። "አልወስድም" አልኩ።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አየ። በስሜ ምንም የለም። ቢሆንም አላመነም። "እርግጠኛ ናት? ይህ ለሕክምናው አስፈላጊ ነው፤ የሚያደማውን የሚያቆም ሌላ መድኃኒት አለ፤ ካላወቅሁ ልሰጣት አልችልም።"

"ኢማ፣ እርግጠኛ ነሽ? ምንም?"

"ምንም አልወስድም አልኩሽ እኮ።"

ለምን እንዲያ አልኩ? እየሞትኩ መሆኑ ገብቶኛል። ግን እውነቱን ካወጣሁት አምባሩ ይወጣል፣ ሰንበቱ ይወጣል፣ ጭብጨባው ይወጣል። "እነዚህ ሰዎች" ይባላል። አስቴር በሰው ፊት ትዋረዳለች። ጌታሁንን ምኩራብ ውስጥ ዓይን ይበላዋል። ከዚህ ሁሉ ሞቱ የቀለለ መሰለኝ፤ ሞት ቢያንስ የሚያሳፍር አይደለም።

ጌታሁን አልጋዬ ግርጌ ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ እያጣጠፈ ነበር። ድንገት ድምፁን አውጥቶ፣ "አስቴር፣ ትወስዳለች በዪው" አለ።

"ማ? ምን?" አለችው።

"የእኔን ክኒን የምትውጠው እሷ ናት። ያ የተጨበጨበለት ልብ የእናትሽ ነው። ሰንበት ሰንበት አምባሩን የማስረው በእሷ እጅ ነው። እኔ ከዚያ ክኒን አንድም አልዋጥኩም። ንገሪው። ሁሉንም ንገሪው።"

ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳው ቀጥሎ ያልኩትን ነው። ሕይወቴን ለሚያድነው ሰው፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ውጦ አፉን ለከፈተው ሰው፣ የመለስኩለት ቃል "አዋረድከኝ" የሚል ነበር። ፊቴንም ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አስቴር ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳታሳጥር ተረጎመች። ረጅም ነበር። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሐኪሙን ይዛ ቆማ ተናገረች። እኔ ጩኸት ጠበቅሁ፤ ቢያንስ ሳቅ። ሐኪሙ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መጨረሻ የዋጠችው መቼ ነው?" ዛሬ ጠዋት ስንለው እየተጣደፈ ሄደ፤ ወዲያው አልጋዬን ይዘው ሮጡ።

የሚያደማውን የሚያቆመውን መድኃኒት ሰጡኝ፤ ደም ጨመሩልኝ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፌ አስገብተው ጨጓራዬ ላይ የቆሰለ ቦታ አገኙ። የጉልበቱ ክኒን ያቆሰለውን የልቡ ክኒን እያደማው ነበር። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አሉኝ፤ የቀረውን አልጨረሱትም። ጌታሁንንም መረመሩት፤ ያስቆሙትን መድኃኒት ወዲያው መለሱለት። የተከፈተለት የልቡ ሥር ያለ መድኃኒቱ እንደገና ሊዘጋ ይችል ነበር ሲሉን ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ዝናሽ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማማ የሺ፣ እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ" አለችኝ። "ሰንበት ብቻ የሚታመም ልብ አየሁ። እኔም ሰንበት አከብራለሁ እኮ። ቤታችሁ መጥቼ ሰንበትን እንዴት ትውላላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። ማሽኑ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።"

ኖዓም መጣች። አበባ ይዛለች፤ ዓይኗ አብጧል። ለዚያ ሁሉ እንግዳ ያሳየችውን መስመር የሌላ ሰው ነው ብላ መልሳ መንገር ነበረባት። ለምን እንዳልነገርናት ጠየቀችኝ። በዝናሽ በኩል "አፍረን ነው" አልኳት። ምን እንዳሳፈረን ዝናሽ ረጅም ጊዜ ወስዳ አስረዳቻት። ኖዓ ሰምታ ስታበቃ፣ ሰንበት ላይ መብራቱ እንዲጠፋና ስልኩ እንዳይጮኽ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ማንም አልነገረኝም አለች። ሆስፒታሉ ረቢም አስጠየቀ። መልሱ ሰንበት ማሰሩ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው የሚል ነበር፤ ነፍስ ማዳን ከሰንበት ይቀድማል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ጌታሁን ግን ለቀናት አላናገረኝም፤ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። በቃሌ ተቀይሞ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው ስል አስቆመኝ።

"የተቀየምኩት ራሴን ነው" አለኝ። "ያን እሑድ ሐኪሟ ልብህ ተዛብቷል ስትለኝ፣ ያንቺ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን መሰለሽ? ተመስገን፣ የእኔ አይደለም አልኩ። ከዚያ ነው አንቺን ያየሁሽ።"

እጁን ሳብኩና ያዝኩት።

አሁን ደህና ነኝ። ጨጓራዬ ሲድን በራሴ ስም፣ በራሴ ልክ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ጨጓራ የሚጠብቅ ክኒንም አለው። የጉልበቱን ክኒን ትቻለሁ። ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒትም እወስዳለሁ፤ ዶሮዋ አልፎ አልፎ ብትንፈራገጥም ቶሎ ታርፋለች። ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ፤ አሁን የምተኩሰው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ክሊኒክ ስሄድ አስቴር የምላትን ሁሉ ትተረጉማለች፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ቢያይም አትቆምም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዝናሽ እዚሁ ሽኩና ቫቭ በሚገኘው የሰፈር አዳራሽ አምባር ያሰሩትን የእኛን ሰዎች ሰብስባ እንድናገር ለመነችኝ። ቀድመው የመጡትም፣ እንደ እኛ የዘገዩትም አሉበት፤ ጌታሁን የሚያፍራቸው የምኩራብ ሰዎችም። ከፊታቸው ቆምኩ። አምባሩን፣ ሰንበቱን፣ ክኒኑን፣ ሰገራዬን ሳይቀር ተናገርኩ። በመጨረሻ፣ "ከእናንተ ውስጥ የሚያወልቅ ወይም ለሰው የሚያስር አለ?" ብዬ ጠየቅሁ።

አንድም እጅ አልተነሣም። ወንዶቹ ጣራውን አዩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንድ ሰው ሳል አሰማ። "እኛስ እንዲህ ያለ ነገር አናደርግም" አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደዚያ ያለ ኀፍረት ሚዮን ውስጥ እንኳ አልተሰማኝም። ለካ ውሸታሞቹ እኛ ብቻ ነን ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ከኋላዬ የሚጎተት እግር ሰማሁ። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ አላውቃቸውም። ከትግርኛ ጋር በተቀላቀለ አማርኛ ቆይኝ አሉኝ። በሱዳን በኩል ከመጡት፣ ከቀደምቶቹ ናቸው። ባለቤታቸው አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ "እንዲህ ያለ ነገር አናደርግም" ያሉት።

"ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አሉኝ።

"ማክሰኞ ነው፣ እማማ።"

ግራና ቀኝ አይተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በዚያች ቀጭን እጃቸው ላይ አምባሩ ብልጭ አለ።

"ከፋሲካ ወዲህ እኔ ጋ ናት" አሉኝ። "በሽተኛ አስመሰለችኝ ብሎ አወለቃት። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አንድ ቀን ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ሆስፒታሉ እየደወለ ‘የአባባ ልብ በጣም ጥሩ ነው’ ይለናል፤ እሱም ደስ ብሎት ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። አሁን አሁን ሲተኛ አተነፋፈሱ አላምር ብሎኛል። ማን ይስማው፣ ልጄ? የእሱን ልብ የሚሰማ የለም።"

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታች ወረድን። ዝናሽ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሞተሩን ሳታስነሣ መስኮቷን አንኳኳሁ።